የመንደራችን ሰው ስንት ነው

ሠንጠረዡ የደረሰኝ በበርበሬ ከረጢት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች መንገደኛ ኤርፖርት ላይ ስታስረክበኝ ወረቀቱ እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሐል ገብቶ፣ በርበሬው ከላይ ተጭኖበት ነበር። ላኪው ታናሽ ወንድሜ ነው። መንደራችን ውስጥ ያስተምራል፤ ሰው ሁሉ መምህሩ ስለሚለው እኔም እዚህ መምህሩ እለዋለሁ። ከበርበሬው ይልቅ ወረቀቱ እንዳስደሰተኝ በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። «አንቺ እኮ ከድሮም ጤና የለሽም» አለኝ።

ወረቀቱ የመንደራችን ሕዝብ ነው። መምህሩ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብሎ በእጁ ገልብጦታል፤ በግራ የ1987ቱ ቆጠራ፣ በቀኝ የ1999ኙ። በየዕድሜው ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት፣ ቤት ስንት፣ በአንድ ቤት ሰው ስንት። ቁጥሮቹን እዚህ አላሰፍራቸውም። ትንሽ መንደር ናት፤ የሚያውቃት ሰው ቢያነባቸው የትኛው የማን ቤት እንደሆነ ይለያል። ቅርጻቸውን ግን መናገር እችላለሁ።

የ1987ቱን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ያኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ለቆጠራ የተመለመልነውም መምህራን ነበርን። እርሳስና መዝገብ ተሰጥቶኝ ከቤት ቤት ዞርኩ። ያስቸገሩኝ እናቶቹ ናቸው። በመንደራችን ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አንድ ነው፤ የልጅን ብዛት በቁጥር መጥራት ክፉ ዓይን ይጋብዛል ብሎ ይፈራል። «ስንት ልጆች አሉሽ?» ስል «ፈጣሪ የሰጠኝን ያህል» የምትለኝ አለች። ጓዳ ገብታ እስክሄድ የማትወጣም አለች። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ልቤ ሲወልቅ ከዋለ በኋላ ዘዴ ፈጠርኩ። ስንት ናቸው ማለቴን ትቼ ማን ማን ናቸው አልኩ። የበኩሩን ስም፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያ በታች ያለችውን። እነሱ ስም በስም ጠርተው ሲጨርሱ እኔ በዓይኔ እቆጥርና በአፌ ሳልጠራው እጽፋለሁ። አንዷ ስጽፍ አይታኝ «ቁጥሩን ግን እንዳትነግሪኝ» አለችኝ። አልነገርኳትም። በዚያ ቆጠራ አንድ ቤት እንኳ አልተሳሳትኩም። ይህን የምለው ለጉራ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልጄን በአራት ዓመቷ ይዤ ፍራንክፈርት መጣሁ፤ መምህርነቱ እዚያው ቀረ። ኦስትኤንድ በሚባለው ሰፈር ቢሮ አጸዳለሁ። ስንት ፎቅ፣ በፎቅ ስንት ክፍል፣ ለክፍል ስንት ደቂቃ፤ እሱም ያው ቁጥር ነው። የምኖረው ጉትሎይትፊርቴል፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው።

ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሁለት ቀን ሙሉ አየሁት። መጀመሪያ የገረመኝ የቤቱ ብዛት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ቤት ጨምሯል፣ በየቤቱ ያለው ሰው ግን ቀንሷል። ሌላ ቦታ ቢሆን ጎረምሶች አግብተው ጎጆ ወጡ ማለት ነበር። የእኛ መንደር ነገር ግን ሌላ ነው። አዲሶቹ ቤቶች ውጭ አገር ያሉ ልጆች ስንመለስ እንገባባቸዋለን ብለው ያሠሯቸው ባለቆርቆሮ ቤቶች ናቸው። ወና እንዳይሆኑ አንዲት አክስት ወይም አንዲት ባልቴት ታድርባቸዋለች። ቆጠራው ሲመጣ ታዲያ አንድ ቤት፣ አንድ ሰው፣ ሴት፣ ዕድሜ ሰባ ምናምን ተብሎ ይጻፋል። መንደሩ የሰፋው በእነዚህ ባልቴቶች ነው። ለትምህርት የደረሱ ልጆች በርከት ብለዋል፤ ገና የሚድኹት ግን ከበፊቱ አንሰዋል። ይህም አያስገርምም፤ የሚወልደው ሰው ከሌለ ማን ይወልዳል?

ከሃያ እስከ ሠላሳ ዓመት ባሉት ወንዶች ረድፍ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ቁጥሩ ከ1987ቱ አንሷል፤ እሱን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት እንደዚያም ሆኖ መብዛቱን ነው። ማን እንደወጣ በየጊዜው እየሰማሁ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ያን ያህል ወንድ መንደር ውስጥ ሊቀር እንደማይችል አውቃለሁ። ለመምህሩ ደወልኩ።

«እነዚህ ሁሉ ጎረምሶች እዚያ አሉ?»

«የት አሉ! እህል ሲደርስ የሚያጭድ አጥተን ማዶ መንደር ሄደን አይደል እንዴ የምንለምነው?»

«ታዲያ ወረቀቱ ላይ ምን ይሠራሉ?»

መምህሩ በ1999ኙ ቆጠራ እንደ እኔ ቆጣሪ ነበር። እንዴት እንደቆጠረ ነገረኝ። «ዘወትር እዚህ ቤት የሚኖረው ማን ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። እናቶቹ ሱዳን ያለውን፣ ሊቢያ ያለውን፣ ጅዳ ያለችውን ሁሉ ይጠሩልኛል። እሱ እኮ እዚህ የለም ስላቸው ‹ወጣ ብሎ ነው› ይሉኛል። አራት ዓመቱ ነው እኮ ስል፣ ‹አዎ፣ ወጣ ብሎ ነው።›»

«አንተስ ምን አደረግክ?»

«ጻፍኩ እንጂ! ልጅሽ የለም ብዬ ለእናት የምናገር እኔ ማን ነኝ?»

ተናደድኩበት። ቆጠራ የይሉኝታ ቦታ አይደለም ብዬ ጮኽኩበት፤ እሱም እናቶቹን መጥተሽ አንቺ ጠይቂያቸው አለና ስልኩን ዘጋው። በኋላ ሳስበው እናቶቹ አስገረሙኝ። እኔ ስቆጥር ያሉትን ልጆቻቸውን አናስቆጥርም ብለው የደበቁ ሴቶች ናቸው፣ መምህሩ ሲቆጥር የሌሉትን ካልጻፍክ ብለው የያዙት።

ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ውስጥ የመንደራችን ልጆች የምንባለው በጣት የምንቆጠር ነን። በወር አንድ እሁድ እኔ ቤት እንሰበሰባለን። ትልቃችን ጣቢያው አጠገብ ቅመምና የስልክ ካርድ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ባለሱቁ እላቸዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ሱቃቸውን ዘግተው መስጊድ የሚሄዱ፣ ለፋሲካችን ደግሞ ከሁሉ ቀድመው እንኳን አደረሳችሁ የሚሉን ሰው ናቸው። ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭኑ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ከዚያ ደግሞ ጎረቤቴ። ጎረቤቴ ብላትም ፍራንክፈርት ውስጥ የምትኖረው ከእኔ ራቅ ብላ ነው፤ መንደር ውስጥ ግን የእናቷ ግቢና የአባቴ ግቢ በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። በ1987 ስቆጥር ከእኛ ቤት ቀጥዬ የጻፍኩት የእነሱን ነው። እሷን ስምንት ዓመት፣ ታናሽ ወንድሟን ስድስት ዓመት ብዬ መዘገብኩ፤ ወንድሟ እርሳሴን ካልያዝኩ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር።

ጎረቤቴ አልተንሃይም ውስጥ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ማጠብ፣ ማብላት፣ ማልበስ ነው ሥራዋ። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2011 መሆኑ ነው፣ ከሥራዋ ጎን ትማርና ለመጨረሻው ፈተና ትዘጋጅ ነበር። ፈተናውን ካለፈች ቋሚ ሥራ ታገኛለች፤ ቋሚ ሥራ ካገኘች የመኖሪያ ፈቃዷ ይስተካከላል። ወንድሟ ደግሞ ትሪፖሊ ነበር። በሱዳን አድርጎ ገብቶ፣ ግንበኛ ሆኖ፣ ባሕሩን የሚሻገርበትን ቀን እየጠበቀ ዓመታት ቆይቷል። የሚደውለው ለእሷ ብቻ ነው። እናትየው ትንሽ ሞባይል አላቸው፤ እሁድ እሁድ ከሰዓት ሚስኮል ያደርጋሉ፣ ጎረቤቴ መልሳ ትደውላለች፣ የልጃቸውንም ደህንነት ከእሷ አፍ ይሰማሉ። እሳቸውም በ1999ኙ ቆጠራ ሁለቱንም ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ አሉ ብለው ካስቆጠሩት አንዷ ናቸው።

ነገሩ ከወረቀት አልፎ የሄደው በልጄ ነው። ያን ጊዜ ሪድበርግ፣ ክሬን በሞላበት አዲሱ ካምፓስ ባዮሎጂ ጀምራ ነበር፤ ስታቲስቲክስ የሚባል ትምህርት አለባት። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በጀርመንኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ ተግባብተን ነው የኖርነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታየው ዓይኗ በራ። ቁጥሮቹን ላፕቶፗ ውስጥ ከተተችና ሥዕል አደረገቻቸው፤ ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ፣ ሕፃናቱ ከታች፣ ሽማግሌዎቹ ከላይ። በግራ በኩል፣ ወጣቶቹ ጋ፣ አይጥ የገመጠው ዳቦ ይመስል ነበር። እናቶቹ ስለጨመሯቸው ልጆች ስነግራት «ታዲያ የእውነቱ ጉድጓድ ከዚህ ይሰፋል ማለት ነው። ስንት ይሰፋል?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ መጠየቅ ለጾመኛ ጥብስ እንደማሽተት ነው።

ስለዚህ ሊስተ፣ ማለትም የስም ዝርዝር፣ መሥራት ጀመርን። በየቤቱ አንድ መስመር፤ በመስመሩ ላይ ከዚያ ቤት ወጥቶ ውጭ አገር ያለው ሰው ብዛት፤ ሱዳንና ሊቢያ፣ ዓረብ አገር፣ አውሮፓ። መምህሩ ኩርፊያውን ትቶ በስልክ ከቤት ቤት እየዞረ ስም ጠራልን። በመጋቢቱ ስብሰባችን ደግሞ ሁሉም የየቤቱን ተናገረ። ባለሱቁ መነጽራቸውን አድርገው ከልጄ ላፕቶፕ ጋር የሚመሳከር የራሳቸውን ዝርዝር በጀርባው የስልክ ካርድ ማስታወቂያ ባለበት ወረቀት ላይ ጻፉ። ጎረቤቴ «ከእኛ ቤት ሁለት። እኔ እዚህ፣ ወንድሜ ትሪፖሊ» አለች፤ ልጄ ሁለት ብላ አስገባች። ሥዕሉም ሊስተውም በትልቅ ወረቀት ታትመው በሚቀጥለው ስብሰባ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ ተስማማን።

በዚያው ጸደይ ጀርመንም ሕዝቧን ልትቆጥር ነበር፤ ማስታወቂያው በየቦታው ተለጥፏል። ከሻንጣ ጫኞቹ አንዱ ያለ አንሜልዱንግ፣ ማለትም አድራሻውን ሳያስመዘግብ፣ ወንድሙ ጋ ይኖር ስለነበር ተጨንቆ ሰነበተ። «ቆጣሪ ከመጣ የለም በሉልኝ» ይለን ነበር። እዚያ መንደር ውስጥ የሌለውን አለ ይላሉ፣ እዚህ ያለውን የለም በሉ ይሉኛል፤ እኔ በሁለቱም ተናደድኩ። ባለሱቁ «አንቺን ደግሞ በምን ረድፍ እንደሚጽፉሽ እንጃ» ብለው አሳቁብኝ።

መምህሩ አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ደወለ። ሰላምታ ሳይሰጠኝ «አጠገብሽ ማን አለ?» አለኝ። ማንም የለም አልኩት። የጎረቤቴ ወንድም የተሳፈረበት ጀልባ ባሕር ላይ ተገልብጧል። ከማዶ መንደር የሆነ ጓደኛው ተርፎ፣ አስከሬኑን በዓይኑ አይቶ፣ መሬት በረገጠ በሦስተኛው ቀን ለመምህሩ ደውሏል። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አዘንኩ። እርሳሴን ይጎትት የነበረው ትንሽ እጁ ነው የታየኝ። ኮቴን ሳላወልቅ ተነስቼ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ።

መርዶ በእኛ ዘንድ ዝም ብሎ የሚነገር ነገር አይደለም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገረውም፣ ሥራ ላይ ሳለ አይነገረውም፣ በስልክ አይነገረውም። ሰዎች በማለዳ ተሰብስበው ቤቱ ይሄዳሉ፤ ትልቁ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዛሉ። ባለሱቁ ብዙ መርዶ አርድተዋል፤ ሱቃቸውን ዘግተው ሻይ ቀዱልኝና ነገሩን አንድ በአንድ አቀዱ። ፈተናዋ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው፤ ፈተናዋን ትጨርስ። ቅዳሜ በማለዳ ቤቷ እንሄዳለን። ሻንጣ ጫኞቹ በር ላይ ይሆናሉ፣ እኔ እይዛታለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ፤ ሰኞ ለአለቃዋ ደውሎ ፈቃድ የሚጠይቀው ከወንድማማቾቹ ጀርመንኛው የተሻለው ነው። ለእናትየውም በዚያችው ቅዳሜ፣ በዚያችው ሰዓት፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች እንዲያረዷቸው ከመምህሩ ጋር ተስማማን። አንዷ ቀድማ ከሰማች ሌላዋ ከአንደበቷ ትሰማለችና። የሰዓቱን ልዩነት አስልቼ ለሁለቱም ወገን የነገርኩት እኔ ነኝ።

በመሐል እሁድ አለ፤ ስብሰባችን። ብንሰርዘው ትጠረጥራለች ብለን ተውነው። ለወንድማማቾቹ ነግረናቸዋል፤ ለልጄ ግን ምንም አልነገርኳት። እዚህ ያደገች ናት፤ የሰው ሞት ከገዛ እህቱ ዘጠኝ ቀን ይደበቃል ብላት አትቀበለኝም። ወዲያው ስልኳን ታነሳ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ትልቁን ወረቀት ልታሳትም ስትወጣ በር ላይ አስቆምኳትና አንድ ቁጥር እንድታስተካክል ነገርኳት። የጎረቤቴ ቤት ሁለት የሚለው አንድ ይሁን አልኩ። ለምን አለችኝ። ተሳስተን ነው አልኩ። ድምሩም ከሠላሳ ስምንት ወደ ሠላሳ ሰባት ወረደ። ለምን እንዳደረግኩት ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ብተወው ማንም አያውቅም ነበር። ግን የሞተ ሰው በሕይወት ካሉት ጋር ተደምሮ በእኔ ስም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ማየት አልቻልኩም። ወረቀቱን እሷ ራሷ ቆማ እንደምታነበው፣ መጀመሪያም የምትፈልገው የራሷን ቤት እንደሆነ፣ ለአንድ አፍታ እንኳ አልታሰበኝም። ያን ያህል ነው ከቁጥሩ ሌላ ያልታየኝ።

እሁድ ጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን ሠርቻለሁ። ልጄ ወረቀቱን ከሶፋው በላይ ሰቀለችው። ሻንጣ ጫኞቹ እያዩ ይከራከራሉ፤ ባለሱቁ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አሽሽተው ሻይ ይጠጣሉ። ጎረቤቴ ከጠዋት ፈረቃ በቀጥታ መጣች፣ የፈተና ደብተሯን በብብቷ ይዛ። ሁላችንንም ሳመችን። «ረቡዕ ጸልዩልኝ» አለች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ወጣችና መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች የእናቷን ቤት አገኘች።

«ይቺማ ተሳስታለች። የእኛ ቤት ሁለት ነው» አለች።

ልጄ ቶሎ ብላ በጀርመንኛ መለሰችላት። አልተሳሳተችም፣ ትናንት ነው የተስተካከለው፣ አንድ ነው ያለችኝ እማዬ ናት አለቻት።

ጎረቤቴ እየሳቀች ዞረችብኝ። «እትዬ፣ ወንድሜን ዘነጋሽው እንዴ?»

አዎ ዘነጋሁት ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ወይኔ ሞቼ ልገኝ፣ እርጅና ነው ብዬ ብስቅ፣ ስቃ ታልፈው ነበር። አላልኩም። እሷ ወደ ወንድማማቾቹ አየች፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። ወደ ባለሱቁ አየች፤ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ሳቋ ፊቷ ላይ ገና አልጠፋም።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺ እኮ ቁጥር አትስቺም።»

ባለሱቁ ተነሡ። «ነይ ውረጂ ልጄ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አሏት። አልወረደችም። «መቼ?» አለች፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ነገሯት። ሶፋው ላይ እንደቆመች ወደቀች፤ የያዘቻት አጠገቧ የነበረችው ልጄ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። የሆነውን ለቅሶ አልጽፈውም። ለቅሶው ማለዳ ያልነበረ፣ ማንም የተመደበለትን ቦታ ያልያዘበት፣ ሽሮው እሳት ላይ እየተንተከተከ የተለቀሰ ለቅሶ ነበር። በዚህ መልክ እንዲሆንባት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል። ረቡዕ ሄዳ ተፈተነች፤ አልፋለችም፤ እንዴት እንደቻለች ግን ጠይቄአት አላውቅም። ልጄ በዚያ ሁሉ መሐል ወደ እኔ ዞራ ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ከሐሙስ አልኳት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም።

ሰዓቱን ማንም ልብ አላለውም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው የጎረቤቴ ስልክ አንዴ ጮኸና ቆመ። ሁላችንም አወቅነው። ለቅሶው በአንዴ ጸጥ አለ። የእናትየው ሚስኮል ነው።

«ዛሬ አትደውዪ» አሉ ባለሱቁ። «እኔ እደውላለሁ። ሥራ ላይ ናት እላቸዋለሁ።»

«እሁድ ሳልደውል ቀርቼ አላውቅም» አለች። «አንቱ ከደወሉላትማ ያን ጊዜውኑ ታውቃለች። ብቻዋን ናት እኮ! ማን ይይዛታል?»

እናትየው በዚያ ሰዓት ቤታቸው ውስጥ ለብቻቸው ስልኩን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለቅዳሜ ነው። ጎረቤቴ ወጥ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች። ውኃ ጠጣች። ተመልሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ድምፁን ከፍታ ደወለች። ስልኩ ተደጋግሞ ሳይጠራ ተነሣ።

«እማዬ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ልጄ? ቆየሽብኝ እኮ። ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ብርድ ነው።»

«ብርድ አይደለም። አልቅሰሻል።» የእናትየው ድምፅ ተለወጠ። «ምን ሆንሽ? ንገሪኝ! ማን ሞተ?»

ጎረቤቴ ባለሱቁን አየቻቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አትንገሪያት ማለታቸው ይሁን ምን ላድርግልሽ ማለታቸው ይሁን አላወቅኩም።

«በደስታ ነው እማዬ» አለች። «በደስታ ነው ያለቀስኩት። ወንድሜ ደወለልኝ። ጣሊያን ገባ።»

እልልታው መጣ። እናትየው እልል እያሉ ወደ ደጅ ሲወጡ፣ ጎረቤቱን በስም እየጠሩ «ልጄ ገባ! ልጄ ገባ!» ሲሉ ይሰማናል። አንዲት ሴት መጣች፣ ሌላም መጣች፣ እልልታው በዛ፤ ከመሐላቸው የአንዷን ድምፅ ለየሁት፣ እናቴ ናት። ጎረቤቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ስልኩን ታያለች። እናትየው ተመልሰው «ስልክ ቁጥሩን ላኪልኝ እንግዲህ፣ ድምፁን ልስማው» አሉ። እሷም እጇን ከአፏ አንስታ «እልክልሻለሁ እማዬ» አለች።

ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ስድስታችንም ውሸቱን ሰማን። ለቅዳሜ ገና ስድስት ቀን ይቀረው ነበር።